ግድግዳ አልለሰንም አለ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ነጭ የለበሰ ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ፤ ይሄ ተረት ጭቃ አለበት፣ ሲያወሩት ይረጫል።

ቀጨማ በምትባል ትንሽ ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ከባሏ ከዳምጠው ጋር ከመንገዱ ዳር ትኖራለች። እናቷ እመት ሽታዬ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ድሮ ሙሽራ ሆና በገባችበት ሳር ክዳን ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ቤቱ አርጅቷል። አንድ ጎኑ ተንጋዷል፣ ክዳኑ ሰምጧል፤ ካቻምና በባላ ደገፉት፣ አምና ባላው ራሱ ደጋፊ ፈለገ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ይወድቃል፤ ሲወድቅም እመት ሽታዬ ውስጡ ናት። ይህን የማያውቅ የቀጨማ ሰው የለም። እመት ሽታዬም ታውቃለች፤ ግን ቤቷን በሰው ፊት ማማት አትወድም።

ትርንጎ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣች። አጥታም አልቀረች፣ ከቤቷ ጎን ለእናቷ አንድ ክፍል አስቀጠለች። እንጨቱ ቆመ፣ ማገሩ ተመታ፣ ጭቃው አንዴ ተመረገ፣ ቆርቆሮው ተከደነ። የቀረው የውስጡ ልስን ብቻ ነው። ዳምጠው ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ቸኩሎ ደግ መሆኑ ነው። ማንም ሳያዘው ሱቅ ሄዶ አንድ ባልዲ ሰማያዊ ቀለም ተሸክሞ መጣ።

«ግድግዳውን ጀሶ አስመታዋለሁ፣ በላዩ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አነጥፋለሁ» አለ። «የዳምጠው አማት ቤተ መንግሥት ገባች ይባልልኛል።»

ትርንጎ ወንዙን ተሻግራ ይህንኑ ለእናቷ ነገረቻት። እመት ሽታዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ባልዲው እኮ ገና አልተከፈተም፣ ያውም ከወንዙ ማዶ ነው።

«ወንድምሽ ቤት ከርሜ አይቼዋለሁ» አለች። «ግድግዳው ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል። ደረቴን ዘግቶኝ እያሳልኩ ነው የተመለስኩት። ጭቃ ቤት ወልጄሻለሁ፣ ጭቃ ቤት አርጅቻለሁ። ግድግዳው በጭቃ ካልተለሰነ አልገባም።»

«ክረምቱ መጣ እኮ፣ እማዬ።»

«ይምጣ። እሱም በየዓመቱ ይመጣል፣ እኔም በየዓመቱ እዚሁ ነኝ።»

እውነት ለመናገር የትርንጎም ልብ ወደ ጭቃው ነው። ልጅ ሳለች ከእናቷ መደብ በላይ፣ እናቷ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቷ የሳበችው እንደ ወንዝ የሚጥመዘመዝ መስመር ነበር። ትርንጎ ያንን መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ መጨረሻው ሳትደርስ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ደግሞስ ምን ጠፍቶ? አፈሩ ወንዝ ዳር፣ ጭዱ ጎረቤት፣ ውሃው ምንጭ፣ ሁሉም ከደጅ ነው። የፈለገችው ይህችን ብቻ ነው፦ አንድ ክፍል በጭቃ ልስን ብሎ፣ ክረምቱ ሳይገባ እናቷ እንድትገባበት።

እናት አልገባም አለች፣ ግድግዳ ካልተለሰነ።

ትርንጎ ዶማ ይዛ ወንዝ ዳር ወረደች። ቀይ አፈር ቆፈረች፣ ተሸከመች፣ በውሃ ለወሰች፣ እጅጌዋን ሰብስባ ግድግዳውን መለሰን ጀመረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ትርንጎ ደግሞ ለስና ለቀመች። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ልስኑ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ከግድግዳው ሥር ተከመረ።

«ጥሬ ጭቃ አትለጥፊብኝ» አለ ግድግዳው። ምን ይገርማችኋል? በተረት ቤት ግድግዳ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ አፍም አለው። «ሊጥ ሳይቦካ ይጋገራል? ጭቃ ካልቦካ አልለሰንም።»

ትርንጎ ወደ ጭቃው ዞረች። ጭቃው ጉድጓዱ ውስጥ ተዘርፍጦ ያያታል።

«እንዲህ አትየኝ» አለችው። «ቡካ እንጂ።»

«በምን ልቡካ?» አለ ጭቃው። «አፈርና ውሃ ብቻችንን ተጋብተን መች እንሰነብታለን? አስታራቂ እንፈልጋለን። ጭድ ካልገባ አልቦካም።»

እናት አልገባም አለች፣ ግድግዳ ካልተለሰነ። ግድግዳ አልለሰንም አለ፣ ጭቃ ካልቦካ። ጭቃ አልቦካም አለ፣ ጭድ ካልገባ።

ዳምጠው ከሥራ ሲመለስ ሚስቱን እስከ ክርኗ ቀይ ሆና አገኛት። ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ መሬቱ አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ቀለሙን ልክፈተው?» አለ።

«አትክፈተው» አለች።

በማግስቱ ጎረቤቷ ዘንድ፣ አያ ተገኘ የሚሉት ገበሬ ደጅ ሄደች። የአያ ተገኘ የጤፍ ጭድ ከአውድማ ተነሥቶ ከጓሮው ተቆልሏል፤ ወርቅ የመሰለ ጭድ ነው። ነገር ግን ከክምሩ ላይ ወይኖ የሚባለው ቀይ በሬው እግሮቹን አጥፎ ተኝቷል። የተኛበት አተኛኘት የበሬ አይደለም፣ የባለርስት ነው።

«አያ ተገኘ፣ ጭድ ስጠኝ። ለእማዬ ግድግዳ ነው።»

«ለእመት ሽታዬማ ምን ከልክሎ» አለ አያ ተገኘ። «ጭዱ የኔ ነው፣ ሰጥቼሻለሁ። በሬውን ማስነሣት ግን የኔ ሥራ አይደለም፤ እኔም ከሰኞ ጀምሮ እየለመንኩት ነው።»

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ከወይኖ ሆድ ሥር የወጣውን ጭድ ሳበች። ጭዱ ከሥር ሆኖ አቃሰተ።

«ልመጣልሽ ወድጄ ነበር፣ እህቴ» አለ ጭዱ። «ግን የተጫነኝን አታዪም? በሬ ካልተነሣ ወደ ጭቃሽ አልገባም።»

«ወይኖ፣ ተነሣ» አለች ትርንጎ። ወይኖ አንድ ጆሮውን ነቀነቀ። ብዙ በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ይገባል ይባላል፤ ወይኖ ግን ሳሩንም ገደሉንም አይቶ፣ አስቦበት የተኛ በሬ ነው።

«የምበላበት ግርግም ተሰብሯል» አለ እያመነዠከ። «ከዚህ ከተነሣሁ አህያዋ ትመጣለች፣ ጥጆቹ ይመጣሉ፣ የጎረቤት ፍየልም ይመጣል፣ እኔ በምን እከርማለሁ? ግርግም ካልቆመ አልነሣም።»

ግርግሙ በረቱ ጥግ በሁለት ተከፍሎ ተጋድሟል። ትርንጎ ደህና አደርክ አለችው፤ ያመመው ሰው ይጠየቃል ብላ።

«ምን ደህና አድራለሁ» አለ ግርግሙ። «ባህር ዛፍ ነኝ፣ በእርጥቤ ቸንክረው አቆሙኝ፣ ስደርቅ ተጣምሜ ተሰነጠቅሁ። በራሴ እግር አልቆምም፣ አናጢ ካልጠረበኝ።»

እናት አልገባም አለች፣ ግድግዳ ካልተለሰነ። ግድግዳ አልለሰንም አለ፣ ጭቃ ካልቦካ። ጭቃ አልቦካም አለ፣ ጭድ ካልገባ። ጭድ አልገባም አለ፣ በሬ ካልተነሣ። በሬ አልነሣም አለ፣ ግርግም ካልቆመ። ግርግም አልቆምም አለ፣ አናጢ ካልጠረበ።

ይህን ሁሉ በሆዷ እያነበነበች ስትመለስ ከምዕራብ በኩል ደመና አየች፤ ጠቆር ያለ፣ ሆዱ የከበደ ደመና። ወንዙን አሻግራ የእናቷን ቤት ተመለከተች። ከሩቅ ሲያዩት ጭራሽ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። ዳምጠው ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ባልዲውን በእግሩ ወደ ፊት ገፋ አድርጎታል።

«ቀለሙን ልክፈተው? ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ።»

«ለሁለት ቀን ብለህ እናቴን ዓመቱን ሙሉ ልታስላት? አትክፈተው።»

አናጢው ጋሼ እምሩ ሥራ ቤታቸው ከገበያው ጥግ ነው። እርሳሳቸው ከጆሯቸው ላይ አትወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም ከዚያው ናት ይባላል። ትርንጎ እጅ ነሥታ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው። ግርግም እንዲጠርቡ፣ በሬ እንዲነሣ፣ ጭድ እንዲገባ፣ ጭቃ እንዲቦካ፣ ግድግዳ እንዲለሰን፣ እናቷ እንድትገባ።

«የኔ ልጅ፣ እጠርብ ነበር» አሉ ጋሼ እምሩ። «በምን ልጥረብ? ሰው ሁሉ እርጥብ ባህር ዛፍ ያመጣልኛል። ዛሬ ግርግም ብዬ የሰጠሁት ለመስቀል ቀስት ሆኖ ይመለሳል። ያንን የሱቅ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ወይኖ ምላሱን አንዴ ቢያሳርፍበት ገንፎ ነው የሚሆነው። የደረቀ ዋንዛ ካልመጣ አልጠርብም።»

«ዋንዛ አሁን ከየት ይገኛል፣ ጋሼ?»

«ከጫካ የሚቆረጥማ አልቀረም፣ ቢቀርም ቆርጦ ያመጣውን ከደጄ አባርረዋለሁ። አሮጌ ቤት ውስጥ ግን አለ። ያባቴ መጥረቢያ የጠረበው የናትሽ በር ዋንዛ ነው። ሁለት ተከፋች፣ ያውም ደህና ደርቆ የከረመ። ያ ቤት እንደሆነ ይሄን ክረምት አይዘልቅም፤ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ምስጥ ከሚበላው ለሥራ ይዋል።»

ትርንጎ ወንዙን ተሻገረች። እናቷ ምንጭ ወርዳ ቤት የለችም፤ በሩ ግን አለ። ጠቁሯል፣ ከመሐሉ በእጅ ብዛት ለስልሷል፣ መቀርቀሪያው ከቤቱ ሁሉ ቀጥ ብሎ የቀረ ብቸኛው ነገር ነው።

«የመጣሽበትን አውቃለሁ» አለ በሩ። «እኔ እንኳ መሄዱን አልጠላሁትም፤ ይህ ቤት ትከሻዬን አጉብጦታል። ግን እናትሽ ስትዘጋኝ ዘግቻለሁ፣ ስትከፍተኝ ከፍቻለሁ። እናት ካላዘዘች አልነቀልም።»

እናት አልገባም አለች፣ ግድግዳ ካልተለሰነ። ግድግዳ አልለሰንም አለ፣ ጭቃ ካልቦካ። ጭቃ አልቦካም አለ፣ ጭድ ካልገባ። ጭድ አልገባም አለ፣ በሬ ካልተነሣ። በሬ አልነሣም አለ፣ ግርግም ካልቆመ። ግርግም አልቆምም አለ፣ አናጢ ካልጠረበ። አናጢ አልጠርብም አለ፣ ዋንዛ ካልመጣ። የዋንዛ በር አልነቀልም አለ፣ እናት ካላዘዘች።

ትርንጎ በመድረኩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። እመት ሽታዬ ውሃዋን በትንሽ ጀሪካን ይዛ መጣች፣ አስቀመጠች፣ ሰፌድ አንሥታ ከልጇ አጠገብ ምስር ለመልቀም ተቀመጠች። ትርንጎ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«እማዬ፣ በሩ እንዲነቀል እዘዢልኝ።»

እመት ሽታዬ ቀና ብላ አላየቻትም።

«በር በሌለው ቤት ልደር? ጅቡስ ምን ይለኛል? አላዝም። መጀመሪያ ግድግዳው ይለሰን፣ ያኔ በሩን ንቀሉት።»

ሰማችሁ? ግድግዳው ይለሰን አለች። ግድግዳውስ? ጭቃ። ጭቃውስ? እናንተው ጨርሱት፤ ከዚህ በኋላ ተራኪም ቢሆን ይደክመዋል። ትርንጎ ግን ሳቅና እንባ በአንድ ጊዜ መጡባት፣ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ጠፋት።

«እማዬ፣ ሰፌዱን አስቀምጪና ስሚኝ» አለች። «አንቺ አልገባም አልሽ፣ ግድግዳ ካልተለሰነ። ግድግዳ አልለሰንም አለኝ፣ ጭቃ ካልቦካ። ጭቃ አልቦካም አለኝ፣ ጭድ ካልገባ። ጭድ አልገባም አለኝ፣ በሬ ካልተነሣ...»

«የተገኘ ወይኖ ነው?» አለች እናቷ።

«እሱ ነው። በሬ አልነሣም አለኝ፣ ግርግም ካልቆመ። ግርግም አልቆምም አለኝ፣ አናጢ ካልጠረበ። አናጢ አልጠርብም አለኝ፣ ዋንዛ ካልመጣ። የዋንዛ በር አልነቀልም አለኝ፣ እናት ካላዘዘች። እናት አላዝም አለችኝ፣ ግድግዳ ካልተለሰነ። አሁን ወዴት ልሂድ?»

እመት ሽታዬ መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሳቀው። ከዚያ ሰፌዱ ተንቀጠቀጠ፣ ምስሩ ተበተነ።

«እኔ ነኛ ወይኖን ያስተኛሁት» አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

«አትሳቂ፣ እማዬ» አለች ትርንጎ። «ፈርቻለሁ። ደመና ባየሁ ቁጥር ይህ ቤት ሲወድቅብሽ ይታየኛል። ሁሉን ነገር ጨርሼ፣ ግድግዳው ደርቆ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ እጅሽን ታጥበሽ እንደ ክቡር እንግዳ እንድትገቢ ነበር የፈለግሁት።»

«እንግዳ» አለች እናቷ፤ ቃሉን ከምስር ውስጥ እንዳገኘችው ጠጠር ለብቻው አውጥታ። ሳቋ ቆመ። «እኔ እንግዳ መሆን አልፈልግም። እንግዳ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስገባ አማቴ የመጀመሪያ ቀን ምን አሳየችኝ? ጓዳ አላሳየችኝም፣ ሌማት አላሳየችኝም። የቦካ ጭቃ አሳየችኝ። ይሄን ጎን ልሰኚ፣ ያኔ ቤቱ ያንቺ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ባልለሰነው ግድግዳ ውስጥ የኖርኩት ወንድምሽ ቤት ብቻ ነው። እዚያ ደረቴን የዘጋው ቀለሙ ብቻ አልነበረም። የምነካው አንድ ነገር አልነበረኝም፤ ሲያስቀምጡኝ እቀመጣለሁ፣ ሲያስነሡኝ እነሣለሁ።»

ትርንጎ ቀስ ብላ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ልጄ ቤት ሠራችልኝ ሲባል፣ እኔንም ጭቃ አስረግጡኝ ብዬ ልለምን? ደቦ ተጠርቶ ነው የሚኬደው። አገሩን ሁሉ ዞረሽ ጠራሽ፣ በሬ እንኳ ሳይቀር ለመንሽ። እኔ ዘንድ የመጣሽው በሬን ልታስነሺ ነው እንጂ እኔን ልታስነሺ አይደለም።»

«አሮጊት እናቱን ለጭቃ ማን ይጠራል? ሰው ምን ይለኛል? ትርንጎ እናቷን ጭቃ አስረገጠች ይሉኛል።»

«ይበሉ። ሰው የሚለውን ሲፈሩ ቤት ይወድቃል።»

የትርንጎ ጥፋቷ ማክበሯ ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት የሚያጠፋው ደግሞ እናቱን የሚወድ ሰው ብቻ ነው፣ አትፍረዱባት። ከመድረኩ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ከግቢው ወጣች፣ አጥሩን ዞረች፤ እንደ ሩቅ ጎረቤት ከመግቢያው ተመልሳ መጥታ የዋንዛውን በር በጣቷ ቆረቆረች።

«ቤቶች!» አለች።

«ደጆች» አለች እመት ሽታዬ፣ ወገቧን ቀና አድርጋ።

«እመት ሽታዬ፣ ለደቦ ልጠራሽ መጥቻለሁ። ቤት የምለስንበት ሥራ አለብኝ፣ ክረምት ሊቀድመኝ ነው። እባክሽ ጉልበትሽን አትንፈጊኝ፤ እንዳትቀሪብኝ።»

እናቷ ሰፌዱን ከግድግዳው አስደገፈች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፤ እንዲህ ስትታጠቅ ትርንጎ ካየቻት ስንት ዘመኗ ነው።

«አልቀርብሽም» አለች። ከዚያ ወደ በሩ ዞረችና መቀርቀሪያውን በእጇ መዳፍ ዳሰሰችው። «በል አንተም ተነቀል። እስኪለሰን ልጄ ዘንድ አድራለሁ፤ ሁለታችንም ሥራ አለብን።»

እንግዲህ ያዙኝ፣ ከዚህ በኋላ ነገሩ ቁልቁለት ነው።

እናት አዘዘች። እናት ስታዝ የዋንዛው በር ተነቀለ። ዋንዛው ሲመጣ አናጢው ጠረበ። ጋሼ እምሩ ከሁለቱ ተከፋች አንዱን፣ ዝናብ ሥሩን የበላውን፣ ደህና ደህናውን መርጠው ግርግም አደረጉት፤ ሌላውን ግን መጥረቢያ አላስነኩትም፣ ከመቀርቀሪያው ጋር ለአዲሱ ክፍል አስቀመጡት። አናጢው ሲጠርብ ግርግም ቆመ። ግርግም ሲቆም በሬ ተነሣ። ወይኖ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን፣ ቀጥሎ የፊቶቹን አነሣ፤ ግርግሙን አሸተተ፣ በምላሱ ላሰው፣ ዋንዛ መሆኑን ሲያውቅ ከጭዱ ላይ ወረደ። በሬ ሲነሣ ጭድ ገባ። ጭድ ሲገባ ጭቃ ሊቦካ ተዘጋጀ።

«ቆይ» አለች እመት ሽታዬ። «እርሾስ?»

ዳምጠውን ወንዙን አሻግራ ላከችው፤ ከአሮጌው ቤት ግድግዳ አንድ ጆንያ ሙሉ የጭቃ ፍርስራሽ ተሸክሞ መጣ። አድቅቃ አዲሱ ጭቃ ላይ በተነችው። ሊጥ ካለ እርሾ አይነሣም፣ ጭቃም ካለ አሮጌ ጭቃ ቶሎ አይቦካም ባይ ናት። ከዚያ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ አንድ እጇን በልጇ ትከሻ ላይ አድርጋ ወደ ጭቃው ገባች። ትርንጎ ገባች፣ ዳምጠው ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ፣ አያ ተገኘ ጭዱን ተከትሎ ገባ። ረገጡት፣ ውሃ ጨመሩ፣ ሸፈኑት፣ አሳደሩት፣ ደግመው ረገጡት። በመንገድ የምታልፍ ሴት ቆማ አየችና ጉድ ነው አለች።

«እመት ሽታዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ?»

«ተጠርቼ ነው» አለች እመት ሽታዬ፣ በኩራት።

ጭቃ ቦካ። ጭቃ ሲቦካ ግድግዳ ተለሰነ። ሰኔንም እንደ ሰው ለመኑት መሰል፣ ጥቂት ቀን ፀሐዩን ለቀቀላቸው። ትርንጎ ላይ ላዩን ለሰነች፣ እናቷ ታች ታቹን። ጎንበስ ማለቱ ሲያደክማት እመት ሽታዬ ዞር ዞር ብላ አየችና ያልተከፈተውን ባልዲ በእግሯ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ዳምጠው ዕድሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረ። «እማማ፣ ለመስኮቱ እንኳ ትንሽ ቀለሙን ልክፈተው?»

«ኧረ ተው፣ ልጄ» አለች እመት ሽታዬ። «ከከፈትከው በምን ላይ እቀመጣለሁ? ቁመቱ ልኬ ነው።»

ልስኑ ሲጠነክር ከገደሉ ሥር ያመጡትን ነጭ አፈር በጥብጠው ላዩን ቀቡት፣ ታቹን በቀይ አፈር ከበቡት። ወለሉን በእበት ለቀለቁ። ከመደቡ በላይ ያለውን አንድ ጎን እመት ሽታዬ ለራሷ አስቀረችው። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ጣቷን አሳርፋ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ የሚጥመዘመዝ መስመር ሳበች፤ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ መስመሩም አብሮት። ትርንጎ ጣቷን ዘርግታ ልትከተለው ነበር።

«አትንኪው፣ አልደረቀም» አለቻት እናቷ፤ ትርንጎ በአንድ ጊዜ ልጅ ሆነች።

ግድግዳ ተለሰነ። ግድግዳ ሲለሰን እናት ገባች። በገዛ በሯ ገባች፣ በገዛ መቀርቀሪያዋ ዘጋች።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም እንደ አበዳሪ እየተጣደፈ ነው። ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው የተበተነውን ምስር ዳግም ሲለቅሙ ከወንዙ ማዶ አንድ ከባድ ድምፅ ተሰማ። ነጎድጓድ ሊሉት ነበር፣ ግን ከሰማይ አልመጣም። ዳምጠው ወደ ደጅ ወጥቶ አየ፣ ተመልሶም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ትርንጎ የእናቷን ፊት ለማየት ፈራች።

«ቤትሽ ነው፣ እማዬ» አለች።

የእመት ሽታዬ ዓይን እንባ አዝሏል፤ ለዚያ ቤት ቢያለቅሱለት አይበዛበትም። ከዚያ እጇን ዘረጋችና መዳፏን በደረቀው ልስን ላይ፣ በመስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ያ ባዶውን ነው የወደቀው» አለች። «ቤቴማ ይኸውና።» ሰፌዱንም ወደ ልጇ ገፋ አደረገችላት።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረቀ። ስንጥቅ ያገኘበት ሰው ጭድ ጨምሮ ይምረግልኝ፤ እኔ እጄን ልታጠብ።